እትዬ ዘነቡ ያላለቀሱለት ወንድሜ

ዛሬ ጠዋት ከሮቢት ተደውሎ እትዬ ዘነቡ አረፉ ሲሉኝ ሳቅኩ። አፍሬ ነው የምጽፈው፣ ግን ሳቅኩ። የደወለልኝ ጎረቤታቸው ሰይድ ነው። «ፖስተሩን አይተህ ነው፣ ደህና ናቸው» አልኩት።

«ወላሂ አሁን አይቻቸው ነው የወጣሁት» አለኝ። ከኋላው የእድሩ ጡሩምባ ይሰማኛል። ጠዋት አልነሳ ብለው ነው አሉ።

ይህን ገጽ የምትከታተሉት በሳምንቱ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ቲያትር እንዳለ፣ የትኛው ጋለሪ አዲስ ሥዕል እንደሰቀለ፣ የግጥም ምሽቱ የት እንደሆነ ለማወቅ ነው። ዛሬ እሱን አልጽፍም። ይቅርታ አድርጉልኝ።

እትዬ ዘነቡ አስለቃሽ ነበሩ። እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፤ በእኛ አካባቢ ሰው ሲሞት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ልቅሶው መሃል ቆመው የሟቹን ሥራ፣ አረማመዱን፣ የበሬዎቹን ስም ሳይቀር እያነሱ ሙሾ ያወርዳሉ። እንባዬ ደርቋል ያለ ሰው እንኳ እሳቸው ፊት አይችልም።

በመጪው ቅዳሜ እዚህ የማዘጋጀው የባህል ምሽት አለ፤ ማስታወቂያውን አይታችኋል። የወሎን ሙሾ መድረክ ላይ ላወጣ ፈልጌ ከሁለት ወር በፊት ቆቦ አጠገብ ካለችው ሮቢት ወረድኩ። እትዬ ዘነቡ ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ያበጥራሉ። አዳራሹን፣ መብራቱን፣ የሚመጣውን ሰው ሁሉ አስረዳኋቸው። በደንብ ሰሙኝና፣

«እሺ፣ ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ።

ሁልጊዜም ጥያቄያቸው ይቺ ናት። ሰርግ ሲጠሯቸው እንኳ «ማን ሞቶ ነው?» ይሉና ሰፈሩን ያስቁታል። ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ማንም እንዳልሞተ ስነግራቸው፣ ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሞት መጥራት ነው ብለው እምቢ አሉ።

ያኔ ነው የወንድሜን ስም ያነሳሁት። ሲሳይ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። አስከሬን የለም፣ መርዶ የለም። እናቴ ትጠብቀዋለች፤ የማታውቀው ቁጥር ሲደወል ሮጣ ነው የምታነሳው። እኔ ግን መሞቱን ካመንኩ ቆየሁ። «በወንድሜ ስም ያልቅሱልኝ» አልኳቸው። ግማሹ ለሲሳይ ነበር። ግማሹ፣ እውነቱን ልናገር፣ ለፕሮግራሜ ነው።

ሰፌዱን አስቀመጡት።

«እናትህ አልቅሳለታለች?»

አላለቀሰችም አልኳቸው።

«እንግዲያ እኔ ማን ነኝና? መጀመሪያ እሷ በልቅሶ ትጥራው። ከዚያ የፈለግህበት አገር ውሰደኝ።»

እኔ ሞኙ ይህን እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት። አዲስ አበባ ተመልሼ ፎቷቸውን በጥቁርና ነጭ አድርጌ፣ ከሥሩ ስማቸውንና የምሽቱን ቀን ጽፌ በዚሁ ገጽ ለቀቅኩት። እንዲህ ያለ ፎቶ እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም። ቆቦ ሲደርስ ሰው «ነፍስ ይማር» እያለ ተቀባበለው። ዘመዶቻቸው ከጎብዬ በባጃጅ እየጮኹ መጡ። እትዬ ዘነቡ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው እስኪጨርሱ አዳመጧቸው አሉ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን አለቃቀስ እየነቀፉ፣ እንዲህ ከሆነ የምታለቅሱልኝ አልሞትም ብለው ምሳ አበሏቸው።

ቀጥዬ ያደረግኩት ይብሳል። ቆቦ ሄድኩና እናቴን ለሲሳይ ልቅሶ እንቀመጥ አልኳት። ምሳ ላይ ነበርን። ተነስታ እጇን ታጠበች። «ልጄን በአፍህ አትቅበርብኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔን ስልክ አታነሳም።

እትዬ ዘነቡ ይህን ሲሰሙ በሰይድ ስልክ ደውለው ተቆጡኝ። ለአንተ ቅዳሜ ተብሎ እናትህ ልጇን ትግደልልህ ወይ አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። እህቴ ከቀብር ስትመለስ ደውላ የማላውቀውን ነገረችኝ። ለካ እትዬ ዘነቡ ከዚያ ወዲህ ቆቦ ገበያ በመጡ ቁጥር እናቴ ዘንድ ጎራ ይሉ ነበር። የሲሳይን ነገር አያነሱም፤ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው አውርተው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ግን እናቴ ራሷ ጀምራ ስለ ልጅነቱ ስታወራቸው ዋለች። እሳቸው ሰሟት እንጂ አላለቀሱም።

ዛሬ ልቅሶው ላይ የሚያስለቅስ ጠፋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እናቴ ከመሃል ተነሳች። በሕይወቷ አስለቅሳ አታውቅም፤ ሰው ፊት ማውራት እንኳ የምታፍር ሴት ናት። መጀመሪያ የእትዬ ዘነቡን ስም ጠራች። ቀጥላ የሲሳይን። እህቴ ከዚህ በላይ መናገር አልቻለችም። ስልኩን እንደያዝን ሁለታችንም አለቀስን።

ቅዳሜ ፕሮግራሙ አለ፤ ሥዕሉም ሙዚቃውም እንደታሰበው ነው፣ ሂዱ። በሙሾው ሰዓት ሌላ ሰው አላስገባሁም። እኔም አልኖርም።

እትዬ ዘነቡ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳይፈቅዱልኝ ፖስተር ለጥፌብዎታለሁ፣ ሞተዋል ሲሉኝም ስቄያለሁ። ነገ በመጀመሪያው አውቶብስ እመጣለሁ። መቃብርዎ ጋ ትንሽ ቆሜ ወደ ቤት እገባለሁ፤ እናቴ ደጃችን ላይ ድንኳን አስጥላለች። ወንድሜ ሲሳይ ሞቷል። ይህን እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም።

ደህና ይሂዱ እትዬ። ሲሳይን እዚያ ካገኙት፣ እናቱ መጠበቅ እንዳቆመች ይንገሩልኝ።