ቻይነሽ ከቅጥሩ ውጪ

ቻይነሽ «ሃይማኖት የለኝም» ስትል ቀድሞ የሳቀው ገደፋው ነው። መጠይቅ ጠያቂዋን ከቤት ቤት የሚያዞራት እሱ ነው፤ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊም እሱ ነው። ሰው ለብቻው ይጠየቅ የሚል ትእዛዝ አለ፤ እሱ ግን በርጩማ ስቦ መሀላቸው ተቀምጧል፤ ውጣ የሚለውም የለም።

«ቀልዳቸውን ነው፤ ኦርቶዶክስ በዪው» አላት ጠያቂዋን።

ጠያቂዋ ውዳሴ ከፍኖተ ሰላም ለጥናት የመጣች ልጅ ናት፤ ሳይመሽ አሥር ቤት ማዳረስ አለባት። ጣቷ ታብሌቱ ላይ ወደተባለው መልስ ሲሄድ ቻይነሽ እጇን ያዝ አደረገቻት።

«አንቺ ልጅ፣ የጠየቅሽው እኔን ነው እሱን?»

ውዳሴ «የለም» የሚለውን ነካች።

ቻይነሽ ከቡሬ ወዲህ ባለች መንደር ሦስት ጥማድ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ በርበሬና በቆሎ የምታሳርስ፣ ባሏን የቀበረች፣ ስድሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ሴት ናት። ውሸት ከአፏ አይወጣም። ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

ከሦስት ክረምት በፊት የጎረቤቷ የተናኜ ቤት ምሰሶው በስብሶ ዘመመ። ተናኜ አራስ ነበረች፤ ዝናቡም አላባራ አለ። ባሏ መግዣ ቢያጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን አንድ ጥድ ቆርጦ አቆመላት። ቻይነሽ ገንፎ ይዛ ብትገባ እንጨቱን አየችው፤ ከየት እንደመጣም አልጠፋትም። እንዳይታይ ጭቃ አቡክታ እስከ ጣሪያው ድረስ ለሰነችው።

በእሑዱ ቄሰ ገበዙ የጥዱን ጉቶ አይተው ኖሮ መስቀል ይዘው ወጡና ገዘቱ። የቆረጠም፣ አውቆ ያልተናገረም፣ እስኪናገር ድረስ ውጉዝ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለና ወደየቤቱ ሄደ፤ የቆረጠው ሰውዬ እንኳ በሳምንቱ ተመልሶ አስቀደሰ። ግዝቱን እንደተነገረ የወሰደችው ቻይነሽ ብቻ ናት። ብትናገር አራስ ያለችበትን ቤት ምሰሶ ሊነቅሉ ነው፤ ባትናገር ውጉዝ ናት። አልተናገረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጀ ሰላሙን አላለፈችም። ጧት ጧት በስተኋላ፣ ሰው በማያይበት በኩል፣ የቅጥሩን ድንጋይ ተሳልማ ትመለሳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም። ምእመን የሚቆጥር እንጂ የጎደለ የሚፈልግ ጉባኤ የት አለና!

አሁንም ኦርቶዶክስ ብትል ውሸት ሊሆንባት ነው፤ ለምን የለኝም እንዳለች ብትናገር ደግሞ ተናኜን ማጋለጥ ነው። አንገቷን ቀና አድርጋ ተቀመጠች።

ውዳሴ ቀጠለች። በዓመት ስንት ቀን እንደምትጾም ብትጠይቃት ረቡዕና ዓርቡን፣ ሁዳዴውን፣ ፍልሰታውን፣ ጽጌውን ሳይቀር ደረደረችላት፤ ሁለት መቶ አለፈ። በቀን ስንት ጊዜ ትጸልያለሽ ለሚለው ስነሣም፣ ስተኛም፣ ስናደድም አለች፤ መናደዷም ቀኑን ሙሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን በየስንት ጊዜው? በየቀኑ። ከቅጥሩ ወዲህ ወይስ ወዲያ የሚል ጥያቄ ታብሌቱ የለውም። መጨረሻ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ መልሶቹ አይስማሙም፣ አንዱ ይስተካከል ይላል።

«እማማ፣ ሃይማኖት አለኝ ያለው ሰው እንኳ እንዲህ አልመለሰልኝም» አለች ውዳሴ ላብ ላብ እያላት። «አንዱን ይተዉልኝ።»

«ሁለቱም እውነት ነው። ለማሽን ብዬ አልዋሽም።»

የገደፋው ሳቅ ቆመ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጥሩ ውስጥ አይቷት አያውቅም። በየቀኑ ደጅ ድረስ ሄዶ የማይገባ ሰው ምን እንደያዘው ለመገመት ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም።

«እትዬ ቻይነሽ፣ የጥዱን ቆራጭ ያውቁታል ማለት ነዋ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከአጥሩ ወዲያ ተናኜ ልብስ ስታሰጣ እጇ ገመዱ ላይ ቀረ።

«አውቃለሁ» አለች ቻይነሽ። «አልናገርም። ለቄሰ ገበዙም እንዲሁ በላቸው፤ ግዝቱን ካነሡ እገባለሁ፣ ካላነሡ ቦታዬ ደጁ ነው። ያንተ አጥር የቆመባቸው ጥዶችም የማን ደን ውስጥ እንደበቀሉ አውቃለሁ። በእነዚያ የገዘተ ግን አልነበረም።»

ገደፋው በርጩማውን ሳይመልስ ተነሣ። ሌላ ቤት እንዳላቸው ለውዳሴ ነገራት፤ እሷ ግን አልተነሣችም። ቀዩን ጽሑፍ አልፋ ማስታወሻ በሚለው ቦታ ላይ «ተጠያቂዋ ሁለቱንም መልስ አልቀየሩም» ብላ ጻፈችና ላከችው።

በእሑዱ ቻይነሽ በስተኋላ አልሄደችም። ነጠላዋን አጣፍታ የደጀ ሰላሙ በር ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መሀል ላይ ቆመች። ለማስቀደስ የመጣው ሕዝብ እሷን ዞሮ መግባት ነበረበት። ገደፋውም ዞሮ ገባ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሣም።