የፎገራ ካርታና የሠሪዋ ስም

ጥር 16፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጎንደር

ገና ሳይነጋ ከጎንደር የተነሳሁት ራዲዮ ታቅፌ ነው። ራዲዮው በባትሪ የሚሠራ፣ ቁና የሚያህል የእንጨት ሣጥን ነው። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ከኋላ በጨውና በበርበሬ ጆንያ ላይ አልጭንም ብዬ ጋቢና ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ወረታ ላይ አሥራ አንድ መምህራን ይጠብቁኛል። በዚህ ዓመት አምስተኛ ክፍል ተከፍቶላቸዋል፤ በሚቀጥለው ስድስተኛ ይጨመራል። ከፍ ያሉትን ክፍሎች እንዴት እንደሚያስተምሩ፣ ከአዲስ አበባ በራዲዮ የሚተላለፈውን ትምህርትም እንዴት እንደሚጠቀሙበት ላሠለጥናቸው ነው የምሄደው።

ሹፌሩ ቢያድግልኝ ነገሩን ከሰማ በኋላ እስከ አዘዞ ድረስ ራዲዮውን በዓይኑ ሰረቅ እያደረገ ነዳ። ከዚያ፣ «እንዴ መምህር፣ ታዲያ እርስዎ አፍ የለዎትም?» አለኝ። ሳቅኩ። አሁን ይህን ስጽፍ፣ ምነው በዚያ ሳምንት አፍ ባልኖረኝ እላለሁ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ አዲስ ዘመን

ከማክሰኚት ወዲህ ያለው መንገድ አቧራና ኮረኮንች ነው። እንፍራንዝ ላይ ጎማ ፈንድቶ አንድ ሰዓት ቆምን። አዲስ ዘመን ሽሮ በሃያ አምስት ሳንቲም በላን። ከከተማው በላይ የጣራ ገዳም ጫካ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ቢያድግልኝ ቆቡን አውልቆ ተሳለመ።

ይፋግ ገበያ ነበር። ሹፌሬ ምንቸት ሊገዛ ወረደ። ሸክላ ሻጮቹ ከጨው ነጋዴዎቹ አልፎ፣ ከገበያው ዳር፣ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ለምን ተለይተው እንደሚቀመጡ አልጠየቅኩም፤ በዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠይብ ናቸው፤ ሰው ሸክላቸውን ይገዛል፣ ዓይናቸውን ግን ቡዳ ነው ብሎ ይፈራል። አውቄው አለፍኩ።

የርብን ድልድይ ስንሻገር ሜዳው ተዘረጋ። ሽምብራና ጓያ በክረምቱ ርጥበት አረንጓዴ እንደሆኑ ናቸው። የፎገራ ላሞች መንገዱን ይዘው አንለቅም አሉ፤ ጥሩንባ ቢነፋ ዞር ብለው የሚያዩት እንኳ የሉም።

ጥር 17፣ ወረታ

ለሠርቶ ማሳያ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ጠዋት ጠዋት እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። ሠላሳ ሁለት ናቸው። መምህራኑ ከኋላ፣ ከጎናቸው የወላጆች ተጠሪ ግራዝማች አበጀ ከነከዘራቸው ተቀምጠዋል።

ራዲዮውን ከፈትኩ። ተንጫጫ። ሽቦውን ጣሪያ ላይ አስወጣሁ፤ አሁንም ተንጫጫ። አንድ ጊዜ የሰው ድምፅ «ልጆች፣ ዛሬ...» አለና ጠፋ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች፣ ይህ የሣጥኑ ሰው ታሟል መሰለኝ፣ ጠበል ይሻላል አሉ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ከሰዓት በኋላ በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ስለ ትምህርት ዝግጅት አስተምሬ ዋልኩ።

ጥር 18

ዛሬ መምህራኑ በተራ የሚያስተምሩበት ቀን ነው። ሦስተኛው መምህር አዳነ ነበር፤ ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ፣ እድሜው ከሃያ አምስት የማያልፍ። ከጋይንት ነው ይላሉ። የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ እሱ ነው። የገበቴ ስፋት ያለው ነገር በጋቢ ጠቅልሎ ገባና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ገለጠው።

የሸክላ ካርታ ነው። በአንድ ወገን ጉና ከፍ ብሏል። ርብና ጉመራ ከጉና ተነስተው የጣት ስፋት ያለው ቦይ እየሠሩ ይወርዳሉ። መሐል ላይ ሜዳው፣ ዳር ላይ ጎድጎድ ያለው ጣና። በደንብ ተተኩሷል፤ ውኃ አያስገባም።

አዳነ ልጆቹን በዙሪያው አቆማቸው። ቤታቸው ባለበት ቦታ አንዳንድ የሽምብራ ፍሬ እንዲያስቀምጡ አደረገ። ከዚያ በቅል ከጉና ራስ ላይ ውኃ ቀስ እያለ አፈሰሰ። ውኃው በቦዩ ወርዶ ጣና ገባ። «ይህ የመስከረም መጨረሻ ነው» አለ። «ነሐሴስ?» አለና የቀረውን ባንዴ ደፋው። ውኃው ከቦዩ ወጥቶ በሜዳው ተንጣለለ፤ ሽምብራዎቹ ተንሳፈፉ። አንዲት ልጅ፣ «የኛ ቤት ሄደ» አለች። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ማቆሚያ አጣ። አሥር ዓመት መምህራን አሠልጥኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት አላየሁም።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። ደስታ አፌን ፈታው። ቅጼን አወጣሁ። በቅጹ ላይ የመርጃ መሣሪያው ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ የሠሪው ስም የሚሉ መስመሮች አሉ። ማን እንደሠራለት ጠየቅኩት። አሠርቼው ነው አለ። ከማን ዘንድ አልኩ። የተንሳፈፉትን ሽምብራዎች መልቀም ጀመረ። ትሕትና መሰለኝ። ለሌሎችም ትምህርት ቤቶች እናሠራለን፣ የሠራ እጅ ሊመሰገን ይገባዋል ብዬ በልጆቹ ፊት፣ በግራዝማች ፊት ወጥሬ ያዝኩት።

አዳነ ካርታውን እንጂ እኔን አላየም። «እናቴ ናት፤ ጥሩዬ ትባላለች» አለ።

ከፊት የቆመው ልጅ ጣና ውስጥ የነከረውን እጁን ቀስ ብሎ አወጣና በቁምጣው ጠረገው። ያን ጊዜ የይፋግ ገበያ ዳር ትዝ አለኝ፤ ከጋይንት ነው መባሉም ለምን እንደሆነ ገባኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስሙንም ጽፌዋለሁ።

ጥር 19

ከሠላሳ ሁለቱ ስድስት ልጆች መጡ።

ግራዝማች ወደ ጎን ወሰዱኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ እንጨት የሰጡ እሳቸው ናቸው። «ልጁ ደግ ነው፤ ትምህርቱም ግሩም ነው። ግን እናቱ ጠይብ ከሆነች ቀን ከቀን ልጆቻችንን ሲያይ ሊውል ነው? ከጥምቀት ወዲህ ሁለት ልጆች ታመውብናል። አንቱ ነገ ትሄዳላችሁ፤ እኛ ነን የምንቀረው» አሉ። ቢያንስ ስሟ ከመንግሥት ወረቀት ላይ ይጥፋ፣ ወሬው ይበርድ ይሆናል አሉኝ።

ጠላዎን በማን ጋን ነው የሚጠምቁት፣ ወጥዎ በማን ምንቸት ነው የሚበስለው አልኩ ልበላችሁ? አላልኩም። ሥልጠናው በሰላም ይለቅ ብዬ አሰብኩ። ብዕሬን አውጥቼ ስሙን ደህና አድርጌ ሠረዝኩትና ከጎኑ «ከገበያ የተገዛ» ብዬ ጻፍኩ። አዳነ በበሩ በኩል ቆሞ ያይ ነበር። እስካሁን የሚቆጨኝ መጠየቄ ብቻ አይደለም፤ ይህ ይብሳል።

ጥር 20

ሦስት ልጆች መጡ። አዳነ አስተማራቸው። ካርታውን ግን አልገለጠም።

ከሰዓት በኋላ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገብቶ አሰናብቱኝ አለ። እኔ ነገሩ እስኪበርድ እንዲታገሥ ለመንኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጆቹ ከሚቀሩ እኔ ልቅር» አለ።

ጥር 21፣ የመልስ መንገድ

ቢያድግልኝ ከባሕር ዳር ሲመለስ አሳፈረን። አዳነ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ይዟል። ካርታውን፣ አንድ ቦታ ይጠቅማል ብሎ ለኔ ሰጠኝ። ራዲዮውን ከኋላ ጆንያ ላይ ጭኜ ካርታውን ታቀፍኩ። ከርብ ድልድይ በኋላ አዳነ፣ «ለእናቴ የምሥራቹን ልኬላት ነበር፣ ባመሰገኑኝ ዕለት፤ ዛሬ እንደምመጣም ሰምታለች። የኋላውን አታውቅም። እባክዎ እንዳይነግሯት» አለኝ።

እማማ ጥሩዬ ይፋግ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁ ነበር። አጭር፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጭቃ የተሰነጣጠቀ እናት። ልጃቸውን አቅፈው ሳሙና ወደ ጋቢናው ጠጋ አሉ። በሁለት እጃቸው የያዙትን አዲስ ምንቸት ሰጡኝ።

«ስሜን በወረቀት ላይ ጻፉት አለኝ ልጄ። እውን ነው፣ ጌታዬ?»

አዳነ መሬት መሬት ያያል።

«አዎ እማማ። ጽፌዋለሁ» አልኩ።

በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈን አድርገው ሳቁ። «ሰው ምንቸቱ ስንት ነው ይለኛል እንጂ ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። ቢያድግልኝ ሞተሩን አስነሳ። እናትና ልጅ ሣጥኑን በሁለት ወገን ይዘው ከገበያው በስተኋላ ባለው ቀጭን መንገድ ሲሄዱ አየኋቸው።

ማምሻ፣ ጎንደር

ቤቴ ገብቼ አቧራዬን ሳላራግፍ ቅጹን አወጣሁ። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት፤ ቀለሙ ስሙን ጨርሶ ውጦታል። «ከገበያ የተገዛ» የሚለውን ሠረዝኩና በላዩ ጥሩዬ ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ጎንደር የሚያነበው ሰው ማን እንደሆኑ አያውቅም፤ አይጠቅማቸውም፣ አይጎዳቸውምም። ወረታ ላይ መጻፍ ነበረብኝ።

ከወረቀቱ ግርጌ የሥልጠናው ውጤት የሚል መስመር አለ። አሥር መምህራን ሠልጥነዋል ብዬ ሞላሁት። ስሄድ አሥራ አንድ ነበሩ።