ጋሽ ሰይፈሥላሴ የረቱኝ ቀን

የዚያን ቀን ጠዋት አገራችን ሰላ ድንጋይ ላይ ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ፀሐይዋ ግን በጊዜ ፍንትው ብላ ወጣች። ጎረቤቴ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከወረዳው ፍርድ ቤት እየሣቁ ወጡ። ረተውኛል። ወሰናችን ላይ የተከልኳቸው ባሕር ዛፎች ነጭ ሽንኩርታቸውን ስላደረቁባቸው፣ ሁሉም እንዲነቀሉ ተፈረደ።

«ወለቴ፣ ምሣር ላውስሽ?» አሉኝ።

«ምሣርስ አለኝ፤ ጉልበቱን ያውሱኝ።»

ደክሞኝ ነበር፤ ይግባኝም አላሰብኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴን ቆርቆሮ አለብስበታለሁ ያልኩት በእነዚያ ዛፎች ነው። ሁለት ክረምት ቢቆዩ አጣና ይወጣቸዋል፤ ዛሬ ከተቆረጡ ማገዶ ናቸው።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሙግት ይወዳሉ። ሌላው ሰው ገበያ እንደሚናፍቀው እሳቸው ቀጠሮ ይናፍቃቸዋል። ጫማቸውን የሚጠርጉትም ለቤተ ክርስቲያንና ለችሎት ብቻ ነው። ክፉ ግን አይደሉም፤ ከሰውኝ እንኳ መንገዱን አብረን ሄደን፣ ስንቃችንን ተካፍለን ነው የምንበላው።

ልጃቸው ምስራቅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታስተምራለች። አንድ ሕግ ወይም ፍርድ ማንን እንደሚጠቅም፣ ማንን እንደሚያከስር መመርመር ነው ሥራዋ። በዚያው ሰሞን ልትጠይቃቸው መጥታ ወሰኑ ላይ ስንነታረክ አገኘችን።

«አባዬ፣ ዛፉ ሲነቀል አንተ ምን ታገኛለህ?»

«መሬቴን ነዋ!»

«ይቺን ጠባብ ቁራጭ? እትዬ ወለቴ እኮ የቤት ክዳን ነው የሚያጡት።»

«ታዲያ ፍርዱን ልቅደደው? ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?»

«አትቅደደው። መብቱ ያንተ ነው ተብሏል፤ አለቀ። ከዚህ የሚበልጥ ነገር ካገኘህበት ግን ለውጠው፤ ማን ከለከለህ?»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጺማቸውን እያሻሹ ወንዝ ዳር ወዳለችው መሬቴ አማተሩ። ውሃ አታጣም፤ እኔ አቅም አንሶኝ ጦሟን ያደረች ናት።

«እሷን ትሰጭኛለሽ?»

«ዛፌን ካልነኩብኝ፣ እስኪደርስ አርሰው ይጠቀሙባት።»

«አይ አንቺ! ይሄን አፍ ዳኛው ፊት የት ደብቀሽው ነበር?» ብለው እስኪያስላቸው ሣቁ።

ወንዝ ዳር የተከሉት ሽንኩርት እያንዳንዱ ራስ ጭብጥ አከለ። እኔም በሁለተኛው ዓመት አጣናውን ሸጥኩ። ቆርቆሮው ሲመታ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከታች ሆነው «ጠመመ! ወደ ቀኝ!» እያሉ አናጢውን ሲያዋክቡት ዋሉ።

«ጋሼ፣ ከጠመመ ይክሰሱን» አልኳቸው።

«እሱንማ እያሰብኩበት ነው!»

ዛፉ ከተነሣ በኋላ መሬቴን አልመለሱም፤ እኔም አልጠየቅኩ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ አሁንም ሰላ ድንጋይ እዚያው ቤታቸው ናቸው፤ የወንዝ ዳሯን መሬት በእኩል ያርሱልኛል፤ ምርቱን ለሁለት እንካፈላለን።