የኤኖክ መንገድ

ዩዲታና ባሏ ኤኖክ ከተጋቡ ጀምሮ የሚጨቃጨቁት ስለ አንድ መንገድ ነበር። ከደሴታቸው ወደ ከተማ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ሲኬድ፣ እሷ በረዶ በሆነው ባሕር ላይ በጥቁሩ ገደል ሥር ቀጥ ብላ መሄድ ትወዳለች። እሱ ገደሉ ጋ ሳይደርስ ወደ የብስ ይወጣና በኮረብታው ዞሮ ይወርዳል።

«ገደሉ ሥር ውሃው አያርፍም» ይላል።

«የምታርፈውስ አንተ ነህ፣ ኮረብታው ላይ ሻይ ልትጠጣ» ትለዋለች።

ኤኖክ ባለፈው መከር፣ ባሕሩ በረዶ ሆኖ ሊረጋ ሲል፣ አልጋው ላይ ሞተ። ዩዲታ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነሥታ ውሾቹን መገበች። ዓሣ አጥማጅ ናት። በረዶውን በብረት ዘንግ ትበሳለች፣ መንጠቆ የተደረደረበትን ረጅም ገመድ ወደ ጥልቁ ትለቃለች፣ ጣቷ ሲደነዝዝ ብብቷ ውስጥ ትከተዋለች። አንድ ክረምት ዓሣ ፋብሪካ ተቀጥራ ነበር። «ሙቀቱ ገደለኝ» ብላ ወጣች።

ሚያዝያ ላይ ልጇ ፒፓሉክ ከተማ ውስጥ ሴት ልጅ ተገላገለች። በአገሩ እምነት የሞተ ሰው ስሙ የሚያርፍበት ሕፃን ሲያገኝ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ ሕፃኑ ሴት ሆነ ወንድ ለውጥ የለውም። ዩዲታም ክረምቱን ሙሉ ይህንኑ ስትጠብቅ ነበር። በጥምቀቱ ጊዜ ስሙን ለቄሱ የሚናገረው ግን ሕፃኑን ታቅፎ የቆመው ሰው ነው።

«እማ፣ እሑድ ጠዋት ለጥምቀቱ ካልደረስሽ የምታቅፋት ቦሌቴ ናት» አለቻት ፒፓሉክ በስልክ። ቦሌቴ የፒፓሉክ አማት ናት። «የወንድሟን ስም ይዛ ነው የምትጠብቀው።»

«ያ ሁሌ የሚያኮርፈው?»

«እማ፣ ሰውየው እኮ ሞቷል።»

«አውቃለሁ። እንዳኮረፈ ነው የሞተው።»

ቅዳሜ ጭጋግ ወረደና ወደ ከተማ የሚበረው ሄሊኮፕተር ቀረ። እሑድ ሰማዩ ጠራ፤ እሑድ ግን በረራ የለም። ዩዲታ ማልዳ ውሾቿን ስትጠምድ የወንድሟ ልጅ ያኮብ እያዛጋ መጣ።

«አክስቴ፣ በበረዶ ሞተሬ ላድርስሽ?»

«መቼ ተነሥቶልህ ያውቃል?»

«ትንሽ ሲሞቅ ይነሣል።»

«ሲሞቅማ እኔም እነሣለሁ።»

ያኮብ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ወደ ገደሉ አየ። «በኮረብታው ሂጂ። በገደሉ በኩል ሰሞኑን ማንም አላለፈም።»

«በኮረብታው ከዞርኩ ቅዳሴው ያልቅብኛል» አለችና ውሾቹን ለቀቀች።

መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ቀና። ብርዱ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ በረዶው ከጋሪው ሥር ይንጫጫል። በመከር የመጡት የበረዶ ተራሮች ባሕሩ እንደያዛቸው ሰማያዊ ሆነው ቆመዋል። ዩዲታ በመካከላቸው እየተጠማዘዘች ውሾቿን ስትሳደብ ደስ ብሏት ነበር።

ገደሉ ሥር ስትደርስ መሪዋ ውሻ ሴርሚክ ጆሮዋን ጣለች፤ ከዚያ ተኛች።

«ተነሽ፣ ሰነፍ!»

ሴርሚክ ንቅንቅ አላለችም። ዩዲታ ወርዳ ወደፊት ጥቂት ተራመደችና ዘንጓን ወጋ አደረገች። ደህና በረዶ ደጋግመው ካልወጉት አይበሳም። ይኼ ባንዴ ዋጠው፤ ጥቁር ውሃም ቡልቅ አለ። ከታች የማያርፈው ውሃ ሲልሰው፣ ከላይ ወፍራም አመዳይ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ሲያሞቀው ከርሟል።

«እሺ» አለች ዩዲታ። ለማን እንዳለች ውሾቹ አልጠየቁም።

ወደ ኋላ ተመልሳ በኮረብታው ወጣች። አናቱ ላይ ሻይ አልጠጣችም። ቁልቁለቱ ላይ ውሾቹን ጋሪው እንዳይደፈጥጣቸው ከኋላ አስራ፣ ለፍሬን በጋሪው መንሸራተቻ ላይ ገመድ ጠመጠመች። ሁለት ዙር መጠምጠም ነበረባት፤ ጊዜ ስላልነበራት አንድ አደረገች። እንዴት እንደወረደች በኋላ ሲጠይቋት «ፈጥኜ» ብቻ አለች። ቆቧ እስካሁን እዚያው ነው።

በድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን በር አቆስጣ ከሚባል የባሕር እንስሳ ቆዳ የተሰፋ ሱሪዋን እንደለበሰች፣ ጸጉሯ ላይ በረዶ ተጋግሮ ገባች። ምእመኑ አንዱን መዝሙር ለሦስተኛ ጊዜ እየዘመረ ነበር። ቦሌቴ ሕፃኗን ታቅፋ ማጥመቂያው ዘንድ ቆማለች። ዩዲታ አጠገቧ እስክትደርስ ቄሱ መጽሐፉን አልገለጠም።

«ውሾችሽ ሲጮኹ ሰማሁ» አለች ቦሌቴ በሹክሹክታ። «ቄሱን መዝሙሩ ይደገም ያልኩት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ስም ብናገር ዕድሜ ልኬን መች ትለቂኛለሽ?»

«አለቅሽም።»

«በይ ያዣት፣ ክንዴ ዝሏል። ወንድሜ እንደሆነ ይጠብቃል። ድሮም ሲጠሩት ቶሎ አይመጣም።»

ቄሱ ስሙን ጠየቀ። «ኤኖክ» አለች ዩዲታ፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ።

ከሰዓት በኋላ የፒፓሉክ ቤት በሰው ሞላ። ኬክ ተቆረሰ፣ ለምግብ የዓሣ ነባሪ ቆዳ በስሱ ተከተፈ። ፒፓሉክ ሕፃኗን ለእናቷ አቀበለቻትና «እማ፣ ለመሆኑ በየት በኩል መጣሽ?» አለቻት።

ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ጭቅጭቁን የማያውቅ የለም።

ዩዲታ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች።

«ባሌ፣ ስማኝ» አለች። «በኮረብታው ነው የመጣሁት። ልክ ነበርክ። ሁለተኛ አልደግመውም።»

ኤኖክ አፏን በሰፊው ከፍታ አዛጋች።

«ይኸው» አለች ዩዲታ ወደ ሰዉ ዞራ፣ «ድሮም እኔ ሳወራ እንዲህ ነበር።»