ሐዘንተኛው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ

የእኛ የድሮ ወታደሮች ማኅበር በዓመት አንዴ ኦክላንድ ውስጥ አዳራሽ ሬንት አድርጎ በጦርነቱ ያለቁትን ጓዶቻችንን ያስባል። ድንቄም ማሰብ! መጀመሪያ በፓርኪንግ እንጣላለን፣ ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ማይክ ይዞ ይዋሻል፣ ከዚያ ክትፎ።

ውሸቱን በቃሌ አውቀዋለሁ። "ጀግናው ጓዳችን የእጮኛውን ስም እየጠራ ወደቀ።" እኔ እዚያው ምሽግ ውስጥ ነበርኩ፤ የማንንም ስም አልጠራም። የሞተው በሌላ ወታደር ጭን ላይ ነው፤ ያ ወታደርም ሬሳውን አልሰጥም ብሎ አስቸግሮናል። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር። ጓደኛሞች ማለቴ አይደለም፤ እንደ ባልና ሚስት ነበሩ። ምሽግ ውስጥ ምን ይደበቃል? ሁላችንም እናውቅ ነበር። አዛዣችን "ጓዳዊ ፍቅር" አለው፣ ሊቀመንበሩም እስከ ዛሬ እሱኑ ይደግማል። ወይ ጓዳዊ ፍቅር! እኛስ ጓድ አልነበርንም? እኔን ማን አቅፎኝ አደረ?

የተረፈው ሰውዬ አሁን አርጅቶ ሳን ሆዜ ይኖራል። በየዓመቱ ጥቁር ለብሶ ይመጣል፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያስቀምጡታል። የፊት ወንበር ለሐዘንተኛ ነው፤ ሰው ተሰልፎ "እግዜር ያጥናችሁ" የሚለው እዚያ ለተቀመጡት ነው። እኔ ስለው "አንተማ አብረኸኝ ቀብረኸዋል፣ እነሱ ይበሉኝ" ይለኛል። እነሱ ግን ሰሃን ይዘው ያልፉታል። ሆዳም ሁላ!

ዘንድሮ ሊቀመንበሩ ኮል አደረገልኝ። የሟቹን እጮኛ አግኝቷታል፤ ለካ ፍሪሞንት ነው የምትኖረው። "ራይድ ስጣት፣ ከፊት እናስቀምጣታለን" አለኝ፣ ሎተሪ የደረሰው ይመስል።

ሴትየዋ መኪና ውስጥ "እንዴት ነው የሞተው?" አሉኝ። እውነቱን፣ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ስለሚያስቀምጡት ሰውዬም ጭምር ነገርኳቸው። ጉድ ፈላ፣ አበላሸሁት ብዬ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀመጡ፣ ሰልፉ ተጀመረ። ሊቀመንበሩ ቀዳሚ ሆኖ ጎንበስ አለና "እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ" አላቸው።

"እኔን ምን ብሎ ያጠናኛል?" አሉት። "ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ልከው አጩኝ እንጂ ልጁን የማውቀው በፎቶ ነው።"

ተነሥተው ወጥ ቤቱ በር ድረስ ሄዱ። ሰውየውን እጁን ይዘው አመጡት፣ ወንበራቸው ላይ አስቀመጡት፣ "እግዜር ያጥናዎት፣ ወንድሜ" አሉት።

"አሜን" አለ ሰውየው፣ ቀና ብሎ ሊቀመንበሩን እያየ።

ተራው የሊቀመንበሩ ነበር። ያ ምላሰኛ ወደ ማይኩ ዞረና "ወገኖቼ፣ ምግብ ቀርቧል" አለ። አይ ጀግና!

ግማሹ ወደ ክትፎው ሮጠ። ግማሹ ግን እያፈረም ቢሆን ተሰለፈ፤ ሰውየውም ለእያንዳንዱ "አሜን" እያለ፣ ሬሳው ዛሬ የወጣ ይመስል ተንሰቅስቆ አለቀሰ።