ስጦታው ግትር አልነበረም

ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር አለ። ስጦታው የአሜሪካኑን ፈተና የመረጠው በራሱ አይደለም። ያስመረጥኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ ደውለው «ስጦታው አረፈ» ሲሉኝ «የትኛው ስጦታው?» አልኩ። ሌላ ስጦታው እንደሌለኝ እያወቅሁ። ትናንት አሞት ከሥራ ወጣ፣ ሐኪም ቤት አደረ፣ ሳይነጋለት ቀረ። በቃ። ባለፈው ሳምንት ያወራሁትን ሰው «ነበር» ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ ይለኛል።

ለማታውቁት፣ ስጦታው የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። መተማ አጠገብ፣ ኮኪት፣ ሰሊጥ እርሻ ውስጥ ያደገ ልጅ ሒሳብ ተምሮ አክቹዋሪ ልሁን አለ። አክቹዋሪ ማለት ነገ ሊመጣ የሚችለው አደጋ ምን ያህል እንደሆነ ለኢንሹራንስና ለጡረታ ቀድሞ የሚያሰላ ሰው ነው። እኛ ሰፈር «ሞት የሚቆጥር ሟርተኛ» እያሉ ያበሽቁት ነበር። እሱ ይስቃል።

አንድ ነገር በእርግጠኝነት ከተናገራችሁ አይለቃችሁም። «ከአስር ስንት?» ይላል። አንድ አጨዳ ላይ የሳሉጎቹ፣ የቀን ሠራተኞቹ አለቃ፣ «ዛሬ አይዘንብም» አሉ። ጎጃሜ ናቸው፣ ቁጡ።

«ከአስር ስንት?»

«ምን ከአስር ስንት ይለኛል! አይዘንብም አልኩህ!»

«እሺ አያ፣ ሰባት ልስጥዎት። ለቀረችው ሦስት ግን ሸራ እናውጣ።»

«ኧረ ጉድ! ይሄ ልጅ ሰማዩንም ማርክ ሰጠው!»

ሳይዘንብ ዋለ። ሸራውን ተሸክሞ ሲመለስ ማሳው ሁሉ ሳቀበት። «ሰባቱ ወጣ እንጂ ምን ያስቃል?» አለ፣ እሱም እየሳቀ።

ነገሩ የሆነው ባለቤቴ በሞተ ዓመት ነው። ስጦታው ተመርቆ መጣና መተማ ዮሐንስ ከተማ ያሳተማቸውን ወረቀቶች ጭኔ ላይ አስቀመጠ። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። እንግሊዝኛን የለመድኩት እሱ ትቷቸው ከሄዳቸው መጻሕፍትና ከመዝገበ ቃላት ነው። ከቤቱ ሰው ግን የሚያማክረው እኔን ነበር።

«እታለም፣ አንብቢና አንቺ ፍረጂ።»

ሁለት ማኅበሮች ናቸው። በአንደኛቸው ተመዝግቦ፣ ፈተናቸውን አንድ በአንድ እያለፈ ነው ሰው አክቹዋሪ የሚሆነው። የእንግሊዙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈትናል፤ አንዱ መስከረም ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪው የሄደበት መንገድ ስለሆነ «ና፣ አስጠናሃለሁ» ብሎታል። የአሜሪካኑ የመጀመሪያ ፈተና ፕሮባቢሊቲ ነው፤ በዓመት ብዙ ጊዜ ስለሚሰጥ በሚመቸው ወር ይቀመጣል፤ ግን የሚያጠናው ብቻውን ነው። ሁለቱም ደህና መንገዶች ናቸው። ልቡ ወደ እንግሊዙ እንዳጋደለ ግን ፊቱ ላይ አይቻለሁ።

እኔ ያየሁት መስከረምን ብቻ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ አይጠብቅም፤ ከዘገዩበት ይረግፋል። ባሌ የለም። ሳሉግ ማዘዝ አላውቅበትም፤ የሚሰሙት እሱን ነው።

«ከአጨዳው ጋር የማይጋጨው የትኛው ነው?» አልኩት።

ወረቀቱን አገላበጠና ሳቀ። «ይቺ ጥያቄ እዚህ ላይ የለችም፣ እታለም።»

«እኔ ጠየቅሁሃ።»

ወረቀቶቹን አንድ ላይ ሰበሰበ። «የአሜሪካኑ።»

«እንግዲያስ እሱ ይሁና።»

የመጀመሪያውን ፈተና በአንድ ጊዜ አለፈ። ስልክ ላይ ሲጮህ ጆሮዬን አደነቆረኝ። ቀጥሎ አዲስ አበባ አንድ ኢንሹራንስ ቤት ተቀጠረ። መሥሪያ ቤቱ ግን የፈተና ክፍያና የጥናት ፈቃድ የሚሰጠው በእንግሊዙ መንገድ ለሚሄድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባልደረቦቹ በቡድን እያጠኑ ወደፊት ሄዱ። እሱ ከሥራ በኋላ ብቻውን ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ፈተና ደጋግሞ ጣለው።

አባቱ በየበዓሉ «አስተማሪውን አልሰማ ብሎ እኮ ነው፤ ግትር!» ይላሉ። እሱ ወደ እኔ ሳያይ «አዎ አባባ፣ በራሴ ነው የመረጥኩት» ይላል። እኔ ሳህን አነሳለሁ። በየዓመቱ ሳህን ሳነሳ ኖርኩ።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። «እታለም፣ የእንግሊዙን ከመጀመሪያው ልጀምር ተመዘገብኩ። መስከረም ላይ ነው፤ ዘንድሮ ለአጨዳ አትጠብቂኝ።» ይቅርታው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «በርታ» ብቻ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዛሬ ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ጎበዝ ነበር፣ ያስቀረው ግትርነቱ ነው።» ይሄን ስም ይዞ እንዳይቀበር ነው የምጽፈው።

ይህን ሙያ የምታስቡ ልጆች ካላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የት መሥራት እንደምትፈልጉ፣ እዚያ የሚደገፈው የትኛው እንደሆነ፣ አብሯችሁ የሚያጠና ማን እንዳለ ጠይቁ። የምትወዱት ሰው «ለእኔ የሚመቸኝ ይሄ ነው» ቢላችሁ፣ የምትወዱትን ያህል እምቢ በሉት። ስጦታው እምቢ ማለት አልቻለም። ግትር ቢሆን ኖሮማ ዛሬ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር።

ስጦታው፣ ያን ዓመት ሰሊጡ በጊዜው ታጨደ። ያንተ ጊዜ ነው ያለፈው። ከአፍህ አንድ ቀን «አንቺ ነሽ» የሚል ቃል አልወጣም፤ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። በሰላም እረፍ፣ ወንድሜ። ከእንግዲህ የኔን ጥፋት አንተ አትሸከምም። ይህን መጀመሪያ በእጄ ነው የጻፍኩት። ነገ፣ አፈር ሳትለብስ፣ አባትህ አያ ፈንታሁን ማንበብ ስለማይችሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸውና ወረቀቶቹን እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ።