ግድየለም

የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ የእንፋሎት ማሞቂያውን የሚጠብቀውን ሰው ሁላችንም «ግድየለም» ነበር የምንለው። ምንም ብትጠይቁት መልሱ ያችው ነበረች። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

ሥራው ማሞቂያው ውሃ እንዳያልቅበት መጠበቅ ነው። ከጎኑ ውሃው የት እንደደረሰ የምታሳይ ቀጭን ብርጭቆ አለች። ዝገትና ጭቃ ስለሚደፍናት በየማለዳው ከሥሯ ያለችውን ቧንቧ ከፍቶ ማፍሰስ፣ ከዚያ ተመልሳ ስትሞላ ማየት ነበረበት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳትሞላ ቀርታ አታውቅም። ታዲያ ለምን ይልፋ? ማፍሰሱን ተወው።

ታናሽ እህቱ ከኔ ጋር ካውያ ላይ ነበረች፤ ቦታዋ ማሞቂያው ካለበት ክፍል ግድግዳ ሥር ነው። አንድ ጠዋት ወደ እሱ ጎራ ብላ፣

«ወንድምዬ፣ ይቺ ውሃ እኮ ከትናንት ጀምሮ ግማሽ ላይ ናት። ንቅንቅ አላለችም» አለችው።

«ለቀባሪው አረዱት! ግማሽ ከሆነች ምን ጎደለ? ግድየለም፣ ሂጂ ካውያሽን ያዢ።»

ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ አልደብቅም።

ብርጭቆዋ ተደፍና የያዘችው የትናንቱን ውሃ ነበር። ማሞቂያው ባዶውን ሲነድ ቆይቶ ረፋዱ ላይ ፈነዳ። ግድግዳው ተደረመሰ፤ እንፋሎቱ እህቱን ፊቷ ላይ አገኛት። እሱ ግቢ ውስጥ ከዘበኛው ጋር እያወጋ ነበርና አንድ ጸጉሩ አልተነካም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መርማሪዎች መጡና «በመዘናጋት» ብለው ጻፉ። ተናደድኩ። የተዘናጋ ሰው ሲባል ለኔ የሚታየኝ የሚያንቀላፋ ሰው ነበር። እሱ ግን ነቅቶ ነበር፤ ያቺን ብርጭቆ በቀን አሥር ጊዜ ያያታል። ደህና ናት ብሎ ስለቆረጠ ነው ማየቱ ያልጠቀመው። እኛም እንደዚያው ነበርን።

ዓይኗ አይመለስም ብለዋል ሐኪሞቹ። ባለፈው እሁድ ልጠይቃት ሄድኩ። እሱ የምትጠጣውን ውሃ ቀዳ፣ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው፣ ደፋው፣ እንደገና ቀዳ። እንደገና ደፋው። እሷ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

«አመመሽ?» አላት በመጨረሻ ሲያቀብላት።

«ግድየለም፣ ወንድምዬ» አለችው።

«እርገሚኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

አልረገመችውም። ውሃዋን ጠጣች።